የፎቶ ቤታችን ሦስት ቁልፍ

ስለ ሁለቱ ሸሪኮቼ ሳወራ ሰው ይስቅልኝ ነበር፤ ሰው እንደሚስቅልኝ ሳውቅ ደግሞ እየጨማመርሁ አወራ ነበር። አንደኛው ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ጎንደር ውስጥ በንግድ የኖሩ ሙስሊም ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሁለተኛው ጋሼ የምላቸው ፎቶ አንሺ ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነበርሁ። ሐጂ ቤቱን አመጡ፣ ጋሼ ሙያውን አመጡ፣ እኔ ኮምፒዩተርና ምላስ ይዤ መጣሁ። ፎቶ ቤታችን ፒያሳ አጠገብ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ከሚሰፉበት በረንዳ በስተጀርባ ነበር።

ጋሼ ሥራውን የጀመሩት ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ፣ ሰው ሁሉ አዲስ መታወቂያ በሚያወጣበት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳንጃ፣ ከአይከል፣ ከኮሶዬ ለገበያ የመጣ ሰው የያዘውን ሸጦ ሲያበቃ እሳቸው ዘንድ ይገባል። ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት አለ፤ በሥሩ ሌባ እንዳይወስዳት በክር የታሰረች ማበጠሪያ አለች። ኮት የሌለው ሰው ምስማር ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ኮት ይለብሳል። ያ ኮት የስንቱን ትከሻ እንዳየ አንድዬ ይወቀው፤ እጅጌው አብረቅርቋል፣ አንገትጌው ወዝቷል። በዚያ አገር በዕድሜው አንዴ ብቻ ፎቶ የተነሣ ሰው ብዙ ነው፤ ያችን አንዷንም የተነሣው በዚያ ኮት ነው።

ጋሼ ኔጋቲቭ አይጥሉም ነበር። ጥቁሩን ፊልም እየቆራረጡ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ወሩንና የገበያውን ቀን በቀለም ይጽፋሉ። ዕቃ ቤቱ እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ለምን እንደሚያስቀምጡት ስጠይቃቸው፣ «ሰው ሲሞትበት ይመጣል» ይሉኝ ነበር። እውነትም ይመጣል። ጥቁር የለበሰ ሰው በር ላይ ሲቆም ጋሼ ወንበር ይሰጡትና መንደሩን ብቻ ይጠይቁታል፤ ከዚያ ዕቃ ቤት ገብተው ይቆያሉ፤ ይዘውት ይወጣሉ።

እኔ እንግዲህ አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ዓመት ያልሞላ የኮምፒዩተር ትምህርት ተምሬ የተመለስሁ ሰው ነኝ። ሁለት ዓመት ያልሞላ ትምህርት ሰውን እንዴት እንደሚነፋው ያየ ያውቀዋል። ሙሉ የተማረ ሰው ዝም ይላል፤ ያልተማረም ዝም ይላል፤ አገር የሚያውከው እኔን መሳዩ ነው። ከሚሌኒየሙ በኋላ ፊልም ሲቀር ትልቁን ሰርቨር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ሰርቨር ማለት ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ፎቶውን ሁሉ የሚያኖሩበት ዋናው መሣሪያ ነው። ፊልም ይታጠብበት የነበረው ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀመጥሁት። የሐጂ ባለቤት ዳንቴል ሠርተው ላኩለት፤ በላዩ ላይ ሁለት እርግብ አለበት። እንደ ቴሌቪዥን ሊያለብሱት ነበር። መሣሪያው መተንፈሻ እንደሚያስፈልገው ሳስረዳቸው ሐጂ፣ «እንዴ፣ ነፍስ አለው እንዴ?» አሉኝ። ይህን ለሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ከዚያ ሁለት ክረምት ሙሉ የጋሼን ቆርቆሮ እየከፈትሁ ፊልሙን አንድ በአንድ በስካነር ወደ ሰርቨሩ አስገባሁ። የሰሜኑ ሕዝብ ፊት ሁሉ በፊቴ አለፈ። አላየሁትም። እኔ አየው የነበረው ስንት ቆርቆሮ እንደቀረኝ ብቻ ነው።

ስጨርስ ፊልሙ ይቃጠል አልሁ። ሐጂ ዕቃ ቤቱን ለሚነግዱት ጨርቅ ማስቀመጫ ይፈልጉት ስለነበር አልተቃወሙኝም። ጋሼ ግን፣ «ተወው እንጂ፤ አይበላ፣ አይጠጣ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ሰርቨሩ ውስጥ አለ እኮ። ሻጋታ ልንቀልብ ነው?»

«ጥቁሩ ዋናው ነው። ያኛው ቅጂው ነው።»

«ድሮ ነበር ዋናው» አልኋቸው። ይህችን መልስ በጣም ወድጃት ነበር። ጓሮ አውጥተን አቃጠልነው፤ ጭሱ ጠቁሮ ልብስ ሰፊዎቹን ከበረንዳቸው አባረራቸው። በዚያው ቀን ኮቱንም ከምስማሩ አውርጄ ለጋሼ ሰጠኋቸውና እንዲጥሉት ነገርኋቸው። ምክንያቱም አሁን ኮት የሚለበሰው በኮምፒዩተር ነው፤ ሰውየው በሸሚዙ ይነሣል፣ እኔ ሰማያዊ ሱፍ ከነከረባቱ አለብሰዋለሁ። ጋሼ ኮቱን አጥፈው በብብታቸው ይዘው ወጡ። እኔም እንደ መሸነፍ ቆጠርሁት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰርቨሩ አንድ ጠዋት አልነሣም አለ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ድረስ ቀይ መብራት እያበራ ተኛ። ጋሼ ወንበር አምጥተው ጎኑ ተቀመጡ፤ ያ አቀማመጣቸው ከስድብ የባሰ ነበር። ቀትር ላይ በራሱ ጊዜ ተነሣ። ሐጂ የዚያን ዕለት፣ «ይህ ነገር ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑረው» አሉ። ያን ያህል ጊዜ ሳላስበው የኖርሁትን ነገር ኮምፒዩተር የማያውቁ ሰው ተናገሩት። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለሰው ሳወራ ሐሳቡ የእኔ ነበር።

ባክአፕ የሚሉትን የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫ የሚመርጥልን ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ዝናብ እየዘነበ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ገባ። ከሚናገራቸው ሦስት ቃላት ሁለቱ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ሦስተኛው «ማለት ነው» ነው። የደንበኞቹ አግዳሚ ላይ አስቀምጦን ግድግዳው ላይ በማሽን ሥዕል አሳየን። ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። እኔ ከባለሙያው ጎን ቆሜያለሁ። ማን ከማን ወገን እንደሆነ እንዲታወቅ ብዬ ነው የቆምሁት።

መጀመሪያ ያቀረበልን አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነበር፤ የሰውን ፋይል በራሱ ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጣል።

«መብራት ሲሄድስ?» አሉ ሐጂ።

«ጄኔሬተር አላቸው ማለት ነው።»

«እኛም አለን። ያጣነው ናፍጣውን ነው።»

ያ ቀረ። ሁለተኛው ውጭ አገር ያለ፣ ዋጋው የሚያስቅ ርካሽ አገልግሎት ነበር። ባለሙያው ግማሽ ቀን ሲያመሰግነው ቆይቶ መጨረሻ ላይ ለአንድ ሰው ላፕቶፕ እንጂ ለሰርቨር እንደማይሆን ነገረን። ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ አንዳች እፍረት አልነበረበትም። ሦስተኛውም የውጭ ነው፤ ሰርቨር ይቀበላል፤ በየቀኑ የተለወጠውን ብቻ እየለየ ይወስዳል፤ ሁለት አገር ላይ ያስቀምጣል። ክፍያውን በውጭ ካርድ ስለሚፈልግ ዱባይ ያለ የሐጂ የወንድም ልጅ እንዲከፍልልን ሆነ። ሁላችንም ወደዚህኛው አዘነበልን።

ሐጂ ግን አልጨረሱም። «ሲያስገባ አሳየኸን። እስቲ ደግሞ ሲያወጣ አሳየን።»

ባለሙያው አልገባውም።

«አንድ ፎቶ ስደድ። እዚህ ያለውን አጥፋው። ከዚያ ከሄደበት አምጣልኝ። እህል እንኳ እጅ ውስጥ ሳይገባ አይገዛም።»

ባለሙያው ወደ እኔ አይቶ ፈገግ አለ። እኔ በሐጂ አፈርሁ። ዛሬ ሳስበው እንኳ ፊቴን ይሞቀኛል፤ ያን ጊዜ ያፈርሁት በተሳሳተው ሰው መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። «ሐጂ፣ ይህ እኮ ጤፍ አይደለም» አልኋቸው፤ ባለሙያውም ሳቀልኝ። ሲያወጣ ሳናይ ቀረን።

ከዚያ ወደ ምስጢሩ መጣን። ሰርቨሩ ውስጥ የሰርግ ቤት ፎቶ አለ፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው በመካከላቸው ሲጫወቱ የተነሡት አለ። ሐጂ የማንም እንግዳ ዓይን እንዲያርፍበት አይፈልጉም። ጋሼም፣ «ሰው ፊቱን የሰጠኝ አምኖኝ ነው» አሉ። ባለሙያው ደስ አለው፤ ሦስተኛው አገልግሎት ለዚህ መላ አለው፤ ሁሉም ነገር ከዚህ ሳይወጣ ይቆለፋል፤ የቁልፉ ቃል ያለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው፤ ድርጅቱ ራሱ ሊያየው አይችልም። «ቁልፉ ከጠፋ ግን እኛም፣ እነሱም፣ ማንም አይከፍተውም ማለት ነው» አለን። ሦስታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሁለቱ የነቀነቁት ስለሰሙት ነው፤ እኔ የነቀነቅሁት የማውቀው ነገር ነው ለማለት ነው።

ቁልፉን ማን ይያዝ? እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ባለሙያውን ረሱትና እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀመሩ። በሰፈራችን እስላም ክርስቲያኑ በአንድነት የሚቀባበርበት እድር አለ። የእድሩ የብረት ሣጥን ሦስት ጓጉንቸር አለው፤ ሦስቱን ቁልፍ ሦስት ሰው ይይዘዋል፤ ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ሐጂ አንዱን፣ ጋሼ ሌላውን ለብዙ ዓመት ይዘዋል። ስለዚህ የሰርቨሩም ቁልፍ በሦስት ይቆረጥ ተባለ። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቁራጭ ቃል እንጽፋለን፤ አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። ባለሙያው እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ታይቶ አይታወቅም አለ። እኔም ከእሱ ጋር ሳቅሁ፤ ግን የሸሪክ ነገር ነውና እሺ አልሁ።

«የእድሩ ሕግ እንግዲህ ይታወቃል» አሉ ሐጂ። «ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። የቁልፍ ያዥ ቁልፉ የት እንዳለ ለቤቱ ያስታውቃል። እኛም ጽፈን እናስቀምጥ።»

«ፓስወርድ አይጻፍም» አልሁ። «የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።»

«ሰው ይረሳል፣ ልጄ።»

«ሐጂ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?»

«አይለቅም» አሉኝ። «ታዲያ ለዚህ አይደል የምንጽፈው?»

ባለሙያው መነጽሩን እያስተካከለ እኔን ደገፈ። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሁለት አዋቂዎች አንድ ነገር ተናገርን፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዝም አሉ።

መጀመሪያ ሐጂ ተቀመጡ። እኔና ጋሼ ወደ ግድግዳ ዞርን። ሐጂ በአንድ ጣታቸው ፊደል ሲፈልጉ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ይመስላሉ፤ ይባስ ብለው የሚነኩትን ፊደል ሁሉ ከከንፈራቸው ሥር ይጠሩታል። ገና ሳይጨርሱ አወቅሁት፤ የመጀመሪያዋ በቅሎአቸው ስምና ሐጅ የሄዱበት ዓመት ነው። ቀጥለው ጋሼ ተቀመጡ። እሳቸው ድምፅ አያሰሙም፤ ነገር ግን እኔ የዞርሁበት ግድግዳ ላይ የደንበኞች መስታወት አለ። የእሳቸውም ቁራጭ ከእነ ቁጥሩ በመስታወቱ ታየኝ። በመጨረሻ እኔ ተቀመጥሁ። የእነሱን ሁለት ቃል ለማካካስ ብዬ ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ልዩ ልዩ ምልክት የደባለቅሁበት፣ ትርጉም የሌለው ረጅም ነገር ጻፍሁ። ባለሙያው ጎበዝ አለኝ። መሣሪያው ሁለተኛ እንድንጽፍ ስለሚጠይቅ ሁላችንም ደግመን ተቀመጥን፤ ሐጂ አንድ ፊደል ስለዘለሉ ሦስተኛ ዙር ሄድን። ሲያበቃ «እንዳትረሳው» አሉኝ ጋሼ። «ጣቴ ያውቀዋል» አልኋቸው።

ቤቴ ስገባ የሁለቱን ቁራጭ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት። አንዱ ቢሞት፣ ሌላው ቢጃጅ ሥራው እንዳይቆም ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ ያልሁት ይህን ነው። የራሴን አልጻፍሁም። የራሱን ቃል የሚጽፍ እነሱን የመሰለ ነው ብዬ አሰብሁ።

ፋይሉ በዚያች የስልክ መስመር ተንፏቅቆ ተጭኖ እስኪያልቅ ከመስከረም እስከ ፋሲካ ፈጀ። መስመሩ በቆመ ቁጥር ይቆማል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሲያልቅ አረንጓዴ ምልክት መጣች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በራሱ ጊዜ ይሠራል፤ ቁልፉን የሚጠይቀን የለም። በየወሩ ደብዳቤ ይልክልኛል፤ ፋይሎቻችሁ ሁሉ በሰላም ተቀምጠዋል ይላል። እያተምሁ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት።

ሁለት ዓመት አለፈ። በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የሰፈሩን መስመር መታው። የልብስ ሰፊዎቹ ካውያ ተቃጠለ፣ የሐጂ ሱቅ ፍሪጅ ተቃጠለ፣ የእኛ ሰርቨር ከእነ ዲስኩ ነደደ። ጨለማው ክፍል የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ጋሼ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኔ ግን ሰው ሲደነግጥ ማየት ደስ አለኝ፤ ለዚህ ቀን ነበር የተዘጋጀሁት። «አትጨነቁ» አልሁ። «አዲስ መሣሪያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው። ሁሉም ቦታው አለ።»

መሣሪያውን በምንጠብቅበት ሰሞን አንዲት ሴትዮ መጣች። ከኮሶዬ ነው የመጣችው፤ ዝናብ ደብድቧት፣ ጥቁር ነጠላዋ ከራሷ ላይ ተጣብቋል። ጋሼ ወንበር ሰጧት። ልጇ ሰሊጥ ሊያርም ቆላ ወርዶ በወባ ሞቷል፤ የቀበሩትም እዚያው ነው።

«አያ፣ አርባው በመስከረም መጨረሻ ነው» አለቻቸው። «ልብሱም እዚያው ቆላ ቀረ። አልቃሹ ሲመጣ የማሳየው ምን አለኝ? የዛሬ ስንት ዓመት መጀመሪያ ቆላ ሊወርድ ሲል እርስዎ ነዎት ያነሡት። መታወቂያው ላይ የነበረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም አብራው ጠፋች።»

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስ ወይም ምስሉ ወጥቶ ካልታየ አልቃሽም አያለቅስ፣ እናትም አይወጣላትም። ጋሼ ልጁን አስታወሱት። «ግንባሩ ላይ ጠባሳ የነበረችው?» ሲሏት ሴትዮዋ እጃቸውን ይዛ ሳመችው። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አለ?» አሉኝ።

«አለ» አልሁ። «እናቴ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ይምጡ። አሳድጌ፣ አሳምሬ እሰጥዎታለሁ። ሱፍም አለብሰዋለሁ።»

«ሸጋ ነው፤ ሱፉስ ይቅር» አለች። «እሱን ብቻ ስጠኝ።»

መሣሪያው በቀጠሮው ዋዜማ ደረሰ። አርብ ጠዋት ሦስታችን እንደገና ተሰበሰብን። ቁልፉን ጠየቀን። ሐጂ ጻፉ፣ ጋሼ ጻፉ፣ እኔ ጻፍሁ። አልተቀበለንም። ሁለተኛ ጻፍን፣ አልተቀበለንም። ሐጂ አንድ ፊደል ዘልለው ይሆናል ብዬ በቀስታ እንዲጽፉ ነገርኋቸው፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ነበር የምናገራቸው። ሦስተኛም አልተቀበለንም። ከዚያ ተቆጣሁ። ይህን የመሰለ ነገር በሦስት ሰው ጭንቅላት ላይ መጣል ከመጀመሪያውም ስሕተት ነው አልሁ፤ ሽማግሌ ይረሳል፣ ረስታችኋል፣ አትመኑ አልሁ።

ሐጂ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ፖስታ አወጡ። ዳሩ በሙጫ የታሸገ ነው። ከልካይ ቢኖርም እንደ እድሩ ሕግ ጽፈው ለባለቤታቸው ሰጥተው ኖረዋል፤ ያን ጠዋት ተቀብለው ነው የመጡት፤ ፊታችን ቀደዱት። ጋሼ ደግሞ ግድግዳው ላይ ለጌጥ የተሰቀለውን የመጀመሪያ ካሜራቸውን አውርደው ገለበጡት። ቃላቸው የካሜራው ስምና ሆዱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው፤ መጻፍ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

እኔ አሁንም አልበቃኝም። ተሳስተው ከሆነ ብዬ ማስታወሻዬን ከቦርሳዬ አወጣሁና የጻፍሁትን ከፖስታውና ከካሜራው ጋር አስተያየሁት። አንድም ፊደል አልተሳሳተም። በዚህ መካከል ምን እንዳሳየኋቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁለቱም ማስታወሻዬን ያዩታል፤ ቃላቸው በእጅ ጽሑፌ ተጽፎ ያዩታል።

ሐጂ ጣታቸውን ገጹ ላይ አደረጉ። «የእሳቸውን ጽፈሃል፤ የእኔንም ጽፈሃል» አሉኝ። «ያንተስ የት አለ?»

ጣቴ አያውቀውም። ጣት ምን ያውቃል? ያን ዕለት እስከ ማታ፣ ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ ሞከርሁ፤ ምልክቱን ከፊት፣ ከኋላ፣ ትልቁን ፊደል ትንሽ፣ ትንሹን ትልቅ አደረግሁ። ለድርጅቱ ጻፍሁ። ውድ ደንበኛችን ብሎ መለሰልኝ፤ የመረጣችሁት ከሁሉ የላቀውን ጥበቃ ነው፣ ስለዚህ እኛ ልንከፍተው አንችልም፤ ፋይሎቻችሁ ግን ምንም አልሆኑም አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ባለሙያው ዘንድ ደወልሁ፤ ይህንን እኮ ነግሬአችሁ ነበር ማለት ነው አለኝ። ነግሮናል፤ መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ ነግሮናል።

በቀጠሮዋ ቅዳሜ ሴትዮዋ መጣች፤ ገና እየሞከርን ነውና በሳምንቱ ትምጣ አልኋት። ያን ሁሉ ዳገት ወደ ኮሶዬ ወጥታ በሳምንቱ እንደገና መጣች። በዚህኛው ጊዜ ከገበያ የገዛችው ክፈፍ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በእጇ ነው። ጋሼ ሊናገሩ ሲሉ ሐጂ እጃቸውን ያዟቸው። እኔ እንድናገር ነው። ኮምፒዩተሩ አልከፈት እንዳለኝ ነገርኋት።

«ምነው? አለ ብለኸኝ አልነበር?»

«አለ፣ እናቴ። መክፈት ነው ያቃተኝ።»

«ታዲያ ጥቁሩስ?» አለች። «አያ ሲያነሡት በጥቁር ነበር ያወጡት፤ በመስኮት ብርሃን አሳይተውናል። እሱስ?»

«ተቃጥሏል» አልሁ። ማን እንዳቃጠለው አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋትም።

ክፈፉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተስ ልጄ፣ ወደዚያ ስታስገባው አይተኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ምን ይመስል ነበር?»

ሁለት ክረምት ሙሉ ያን ሁሉ ፊት በእጄ አሳልፌ አንዱን እንኳ ልነግራት አልቻልሁም። ጠባሳው ግንባሩ ላይ እንደሆነ ያወቅሁት ከጋሼ አፍ ሰምቼ ነው። ውሸት እንኳ አልመጣልኝም።

ጋሼ ተነሥተው ወደ ዕቃ ቤት ገቡ። የሐጂ ጨርቅ ሲገለባበጥ ይሰማል። ጥቁሩን ኮት በክንዳቸው ይዘው ወጡ። አልጣሉትም ነበር።

«ይህን ነበር የለበሰው» አሏት። «ሰፍቶት ነበር። ከኋላው በልብስ መቆንጠጫ ሰበሰብሁለት። ሳቀብኝ፤ ለመታወቂያ ሳቅ አይሆንም አልሁት። ዝም አለና ወዲያው ደግሞ ሳቀ። ሦስት ጊዜ ነው ያነሣሁት፤ በሦስተኛው ከንፈሩን ነክሶ ቻለ። መታወቂያው ላይ የነበረችው ሦስተኛዋ ናት።»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ሳቋ እንዳለ ወደ ልቅሶ ሄደ። ኮቱን ተቀብላ ፊቷን አንገትጌው ውስጥ ቀበረችው። ስንት ሰው ለብሶት የወዛ አንገትጌ ነው፤ እኔ በሁለት ጣቴ ይዤ ጣሉት ያልሁት። ጋሼ፣ «ውሰጂው፣ ለአርባው ይሁንሽ» አሏት። ሐጂም፣ «አላህ ያጽናሽ» ብለው ክፈፉን ተቀብለው ጋዜጣውን ደግመው ጠቀለሉላት።

ድርጅቱ እስከ ዛሬ ድረስ በየወሩ ይጽፍልኛል። ካርዱ አሁንም የዱባዩ ነው፤ ሂሳቡን ግን እኔ ብቻዬን እመልስለታለሁ። የሴትዮዋ ልጅ እዚያ አለ፤ ሁለት አገር ላይ፣ ከእሳት ከውኃ ተጠብቆ፣ ከንፈሩን ነክሶ ተቀምጧል። አንዳንድ ቅዳሜ ሥራ ሲቀዘቅዝ ተቀምጬ እሞክራለሁ።

ሴትዮዋ ግን የዚያን ዕለት ኮቱን በነጠላዋ ቋጥራ ጋሼን ተሰናበተች፣ ሐጂን ተሰናበተች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞር አለች። እስካሁን ሰው ከሰደበኝ ስድብ ሁሉ የእሷ ንግግር ይብስብኛል። «አንተም ብዙ ደከምህልኝ፤ እግዜር ይስጥህ» ብላኝ ሄደች።